ገመድና ካስማ፦ የእንግሊዝ የቦይ ጀልባዎች አስተሣሠር

በእንግሊዝ አገር የዎርስሊን የድንጋይ ከሰል ወደ ማንቸስተር ለማጓጓዝ ተቆፍሮ እ.ኤ.አ. በ1761 በተከፈተው የብሪጅዎተር ቦይ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ የውኃ መንገድ፣ ጀልባ በፈረስ ይሳብ ስለነበር ገመድ የጉዞም የማረፊያም ዋና መሣሪያ ነበረ። ባለጀልባው በሚያድርበት ዳርቻ የብረት ቀለበት ካላገኘ፣ ካስማ የተባለውን ጫፈ ሹል ብረት አናቱን ከውኃው አርቆ በማጋደል በመዶሻ ይተክላል። አላፊ ጀልባ የሚያናውጠው ውኃ የቆመውን ወዲያና ወዲህ ስለሚስበው፣ የፊቱ ገመድ ወደ ፊት፣ የኋላው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ይታሰራል፤ ሆኖም ውኃው ሲጎድል ጀልባው እንዳይንጠለጠል ገመዱ ጥቂት ይላላል። በአሮጌ ድልድዮች ማዕዘን ላይ፣ እርጥብና አሸዋ የያዘ የመጎተቻ ገመድ እንደ ሞረድ እየፈገፈገ የቦረቦረው ጥልቅ ፈለግ፣ ስማቸው ያልተጻፈ ሠራተኞችን ድካም እስከ ዛሬ የሚመሰክር፣ ሊጠበቅ የሚገባው ሰነድ ነው።