የስደተኛው ሐኪም ስፌትና የቃር ቀዶ ሕክምና

አማርኛችን «ጨጓራ» በሚለው አንድ ቃል አካሉንም በሽታውንም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከተነሣው ጦርነት በፊት፣ ከካርቱም በስተደቡብ በምትገኘው ካላክላ ለወገኖቼ በሐኪም ፊት ሳስተረጉም ይህ ቃል አሳስቶኛል። አንዲት እናት «ጨጓራዬን» ሲሉ «ሚዕዳ» ብዬ ወደ ዐረብኛ መለስኩት፤ የጨጓራ ቁስል መድኃኒት ታዘዘላቸው። ያስቸገራቸው ግን ጋደም ሲሉ እስከ ጉሮሮ የሚወጣ ኮምጣጣ ውሃ፣ ማለትም ቃር ነበር። ሱዳኖች «ሑሙዳ» ይሉታል። አስቀድሜ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። ስለ ቃር ማንበብ የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ በሚገናኝበት ስፍራ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። እርሱ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። እንግሊዛዊው ፊሊፕ አሊሰን በ1951 እ.ኤ.አ. ይህን ችግር ከድያፍራም መስፋት ጋር አያይዞ መጠገኛ ቀዶ ሕክምና አስተዋወቀ፤ ብዙዎች ላይ ግን ሕመሙ ተመለሰ።

የተሻለው መፍትሔ የመጣው ከስደተኛ እጅ ነው። ሩዶልፍ ኒሰን ጀርመናዊ አይሁዳዊ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ሲሆን፣ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 እ.ኤ.አ. አገሩን ጥሎ ኢስታንቡል ገባ። እዚያም የአንድ ወጣት የምግብ ቧንቧ የታችኛውን ጫፍ በቁስል ምክንያት ቆርጦ ከጨጓራው ጋር ሰፋው። ስፌቱ እንዳይፈታ በመስጋት የጨጓራውን የላይኛ ክፍል በዙሪያው ጠቀለለበት። አሳቡ ስለ ቃር አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ያ ሰው ቃር የሚባል ነገር እንደማያውቀው ተረዳ። (ይኸው ሰው በ1948 ኒው ዮርክ ውስጥ አልበርት አይንስታይንን ቀዶ፣ ያበጠ የደም ሥሩን በሴሎፎን ጠቅልሎለታል፤ መጠቅለል የሚወድ እጅ ነበረው ማለት ይቻላል።) በ1955 ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ፣ አሁን ሆን ብሎ፣ ቃርን ለማዳን ብቻ ጨጓራን በቧንቧው ዙሪያ ጠቀለለ፤ በ1956ም አሳተመው።

በ1960ዎቹ ዶርና ቱፔ የተባሉ ፈረንሳውያን ሙሉ ሳይሆን ከፊል መጠቅለልን አመጡ፤ ምክንያቱም ሙሉው አንዳንዱን መዋጥ ያስቸግረዋል፣ ማግሳትም ይከለክለዋል፣ ሆዱንም ይነፋል። በ1988 ኦሜፕራዞል ገበያ ሲወጣ ቢላዋው ወደ ኋላ አለ። በ1991 ግን ቤልጅጋዊው በርናርድ ዳልማኝ ሆድ ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎችና በካሜራ ሠራው፤ ፍላጎቱም ተመለሰ። በ2012 ደግሞ አሜሪካ የማግኔት ቀለበት በቧንቧው ጫፍ ላይ እንዲታሰር ፈቀደች፤ ዋጋው ግን የእኛን ኪስ አያውቅም።

እኚያን እናት በሁለተኛው ጉብኝት በትክክል ተረጎምኩላቸው። እራት በልተው ወዲያው እንዳይተኙ፣ የአልጋቸውንም ራስጌ ከፍ እንዲያደርጉ ተመከሩ፤ ኦሜፕራዞልም ታዘዘ። «ቀዶ ጥገናውስ?» ብለው አስጠየቁኝ። ሐኪሙ እንደመለሱት፣ ክኒን እያለ አሲዱ ለሚወጣበት ወይም ዕድሜ ልክ መዋጥ ለማይሻ ነው፤ ያም ቢሆን አስቀድሞ በኤንዶስኮፒ መታየት፣ የአሲዱ መጠን መለካት፣ የቧንቧው ጡንቻ ጉልበትም መመርመር አለበት፤ የተጠቀለለውም ከዓመታት በኋላ ሊላላ ይችላል። እትዬ ጥቂት አስበው፣ «እንግዲያው መለኪያው ይቅደም» አሉ።