ስህተት ወይስ ልዩነት? የደወል ቅርጹ መስመር ታሪክ

ለንደን አጠገብ በሚገኘው የግሪንዊች የሥነ ፈለክ መመልከቻ፣ በ1796 አንድ ረዳት ከሥራው ተባረረ (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዴቪድ ኪኔብሩክ ይባላል። ሥራው ኮከብ በቴሌስኮፑ ውስጥ የተወጠረውን ቀጭን ክር ሲያልፍ፣ የሰዓቱን ምት በጆሮው እየቆጠረ ጊዜውን መመዝገብ ነበር። አለቃው ኔቪል ማስኬላይን የረዳቱን መዝገብ ከራሱ ጋር ሲያስተያይ የወጣቱ ቁጥር ከስምንት ዐሥረኛ ሰከንድ ያላነሰ ዘግይቶ አገኘው። ቀደም ሲል ነግሮት ነበር፤ እየባሰ ሄደ እንጂ አልተስተካከለም። ማስኬላይን ልጁ መጥፎ ልማድ ተጠናውቶታል ብሎ አሰናበተው።

በ1820ዎቹ የኮኒግስበርጉ የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍሬድሪክ ቤሰል ይህን ታሪክ ሲያነብ ሌላ ነገር ጠረጠረ። ራሱን ከሌሎች አንቱ ከተባሉ ተመልካቾች ጋር አስተያየ፤ አንዱም ከሌላው ጋር አልገጠመም። እያንዳንዱ ዓይንና ጆሮ የራሱ ፍጥነት አለው። ኪኔብሩክ ይህን ሳይሰማ ሞቷል፤ ይቅርታ የሚጠይቀውም አልተገኘም። ጉዳዩ ግን ከአንድ ሰው እንጀራ የሰፋ ጥያቄ ያነሣል። ሁለት ልኬቶች ሲለያዩ ያጠፋው መለኪያው ነው፣ ወይስ የሚለካው ነገር ራሱ ተለያይቷል? ዛሬ በስታቲስቲክስ መጻሕፍት ሁሉ የምናየው ደወል መሳይ መስመር፣ ኖርማል ዲስትሪቢዩሽን የሚባለው፣ ታሪኩ በአብዛኛው የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

መስመሩን መጀመሪያ የጻፈው ሰው ግን ስለ ከዋክብት አላሰበም። አብርሃም ደ ሟቭር በእምነቱ ምክንያት ከፈረንሳይ ተሰድዶ ለንደን የገባ ፕሮቴስታንት ነበር። የሒሳብ ማስተማሪያ ወንበር ሳያገኝ፣ ሰው ቤት እየዞረ በማስተማርና ስለ ቁማር ዕድል በማማከር ኖረ። አንድ ሳንቲም ብዙ ሺህ ጊዜ ቢወረወር አንበሳ የሚወጣበትን ብዛት መገመት ጣት የሚያቆስል ስሌት ነው። እሱ በ1733 አቋራጭ አገኘለት፤ አቋራጩም መካከሉ ላይ ጉብ ብሎ በግራና በቀኝ እኩል የሚያቆለቁለው መስመር ነበር። ጽሑፉን በጥቂት ገጽ አሳትሞ ለወዳጆቹ አደለ። ብዙም ያስተዋለው አልነበረም።

መስመሩ ወደ ሰማይ የወጣው በሌላ በር ነው። በጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ጁዜፔ ፒያትሲ የተባለ ካህን በሲሲሊ ደሴት፣ ፓሌርሞ፣ ቀድሞ ያልታወቀች ደብዛዛ የብርሃን ነጥብ አየ። ዛሬ ሴሬስ የምትባለው ናት። እስከ ፌብሯሪ 11 ድረስ 24 ጊዜ ቦታዋን መዘገበ፤ ከዚያ ታመመ፣ እሷም ከፀሐይ ብርሃን ጀርባ ተሰወረች። ከወራት በኋላ ስትመለስ የት ትፈለግ? የአውሮፓ ሊቃውንት በዚህች ጥቂት መረጃ ግራ ተጋቡ። የብራውንሽቫይጉ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ምሕዋሯን አስልቶ ትገኛለች ያለበትን ቦታ አመለከተ፤ በዓመቱ መጨረሻም እዚያው አካባቢ ተገኘች።

ጋውስ እርስ በርስ የማይስማሙ ምልከታዎችን እንዴት እንደሚያስታርቅ በዝርዝር የጻፈው በ1809 ነው። እዚህ ላይ አካሄዱ ይገርመኛል፤ በተገላቢጦሽ ነው የመጣው። ሰው ሁሉ ብዙ ልኬት ሲኖረው ደምሮ ያካፍላል፣ አማካዩን ይወስዳል። ጋውስም «አማካዩ ከሁሉ የተሻለ ግምት እንዲሆን ስህተቶች እንዴት መበታተን አለባቸው?» ብሎ ጠየቀና መልሱ ያው የደ ሟቭር መስመር ሆኖ ወጣ። ትንሽ ስህተት ብዙ ጊዜ፣ ትልቅ ስህተት አልፎ አልፎ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል። ልማድን እውነት ነው ብሎ ተቀብሎ ልማዱን የሚያጸድቅ ሕግ መፈለግ፣ ክፉ ሰው ካየው፣ ጅራቱን የሚነክስ ክርክር ነው። ጠንካራ መሠረት የሰጠው የፈረንሳዩ ፒየር ሲሞን ላፕላስ ነበር። በ1810 እንዳሳየው፣ አንዳቸውም ብቻቸውን የማይገንኑ፣ አንዱ በሌላው የማይመራ ብዙ ትናንሽ ምክንያቶች ሲደመሩ ድምራቸው ወደዚህ መስመር ይጠጋል። የነፋስ ንዝረት፣ የመስታወት ጉድለት፣ የዓይን ድካም፤ እያንዳንዱ ጥቂት ይገፋል፣ ድምሩ ደወል ይሠራል። (የማይስማሙ ምልከታዎችን የማስታረቂያው ዘዴ ባለቤት ማን ነው በሚለው ጋውስ ከአድሪያን ማሪ ለዣንድር ጋር ተጣልቷል። ለዣንድር በ1805 ቀድሞ አሳትሟል፤ ጋውስ ደግሞ ከ1795 ጀምሮ እጠቀምበት ነበር አለ።)

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ሰማይ ላይ አንዲት ሴሬስ አለች፣ አንድ እውነተኛ ቦታ አላት፤ ከእሱ የራቀው ሁሉ ስህተት ነው። ነገሩን ያወሳሰበው ቤልጅየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ነው። በ1823 ብራስልስ ላይ ለሚቋቋም የከዋክብት መመልከቻ ልምድ ሊቀስም ፓሪስ ሄደ፤ ከነላፕላስ ዘንድ ከመሣሪያው እውቀት ሌላ የስህተትን ሕግም ይዞ ተመለሰ። ከዚያም መስመሩን ከኮከብ አንሥቶ ሰው ላይ አሳረፈው።

በ1846 ባሳተመው መጽሐፍ የ5,738 ስኮትላንዳውያን ወታደሮችን የደረት ዙሪያ ልኬት አቀረበ። መረጃው ኤዲንብራ ላይ ከወጣ የሕክምና መጽሔት የተገኘ ነው። ከ33 እስከ 48 ኢንች ይደርሳል፤ ብዙው 40 ኢንች፣ ማለትም አንድ ሜትር ከምናምን፣ ላይ ተከማችቷል። ሲነድፈው ደወል ሆነ። ኬትሌም እንዲህ አስረዳ፦ አንድ ቀራጺ የሠራውን የጥንት ተጋዳይ ሐውልት ያልሠለጠነ ሰው ሺህ ጊዜ ቢለካው ቁጥሮቹ በዚሁ መልክ ይበታተናሉ፤ ሐውልቱ ሺህ ጊዜ ቢገለበጥና ቅጂዎቹ ቢለኩም እንዲሁ ነው። ወታደሮቹም ተፈጥሮ አንዱን ፍጹም አርአያ፣ «አማካዩን ሰው»፣ ለመቅረጽ ስትሞክር እጇ እየተንቀጠቀጠ የሠራቻቸው ቅጂዎች ናቸው። ደረቱ 36 ኢንች የሆነው ሰው በዚህ አስተሳሰብ ቀጭን ሰው አይደለም፤ የተፈጥሮ ስህተት ነው። የሚያስቀው ደግሞ ኬትሌ ቁጥሮቹን ከመጽሔቱ ሲገለብጥ ራሱ አዛብቷቸዋል።

ሐሳቡ ያስቅ እንጂ ሰውየው ሞኝ አልነበረም። የ100,000 ፈረንሳውያን ምልምል ወታደሮችን ቁመት ሲመረምር መስመሩ አንድ ቦታ ላይ እንደተሰበረ አየ። ከ1.57 ሜትር በታች የሆነ ሰው ከውትድርና ነፃ ነው። በስሌቱ 26,345 ያህል አጫጭሮች መኖር ሲገባቸው መዝገቡ 28,620 ይላል፤ ከዚያች ቁመት ከፍ ብሎ ባለው ክፍል ደግሞ ሰው ጎድሏል። ከ2,000 በላይ ወጣቶች ወይ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ተለክተዋል፣ ወይ ለኪው ዓይኑን ጨፍኖላቸዋል። የመረጃን ቅርጽ ብቻ ተመልክቶ ማጭበርበርን መያዝ ዛሬም የሚሠራበት ጥበብ ነው።

የኬትሌን ፍቺ የገለበጠው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጎልተን ነው። ለእሱ ከመካከል መራቅ ስህተት መሆኑ ቀርቶ የሚጠናው ዋናው ነገር ሆነ። ከ205 ጥንድ ወላጆች የተወለዱ 928 ጎልማሶችን ቁመት በ1886 ሲያነጻጽር፣ የረጃጅም ወላጆች ልጆች ረጃጅም ቢሆኑም የወላጆቻቸውን ያህል ከአማካዩ እንደማይርቁ አገኘ። ዛሬ ሪግሬሽን የሚባለው የምርምር መሣሪያ ሥሩ እዚህ ነው። ይኸው ሰው ግን መስመሩን ሰውን በደረጃ መደርደሪያ አድርጎ፣ «የተሻለ ዘር» ማባዛት የሚለውን ዩጀኒክስ የሚባል አስተሳሰብ ስም አውጥቶለት አስፋፍቷል። ከዚያ የተከተለው ግፍ፣ ያለፈቃድ ማምከንን ጨምሮ፣ የታወቀ ነው። ኬትሌ ጫፍ ላይ ያለውን ሰው ስህተት ሲለው፣ ጎልተን በአንዱ ጫፍ ያለውን ምርጥ በሌላው ያለውን ውዳቂ አለው። የቱ እንደሚብስ መፍረድ ይከብደኛል፤ መስመሩ ራሱ ግን ሁለቱንም አላለም።

ይበልጥ የምወደው ታሪክ ከቢራ ጋር የተያያዘው ነው። ዊልያም ጎሴት በ1899 ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። የትኛው ገብስ ይሻላል፣ የትኛው ማሳ ጥሩ ያመርታል የሚለው የዕለት ጥያቄው ነበር። ችግሩ የናሙናው ማነስ ነው። ኬትሌ በሺህ የሚቆጠር ሰው ነበረው፤ ጎሴት ግን አራት ወይም አምስት ማሳ ብቻ። አራት ቁጥር ይዞ በደወሉ መስመር መተማመን ራስን ማታለል መሆኑ ገባው፤ የብትነቱ ስፋት ራሱ በቅጡ አይታወቅምና። መፍትሔውን በሒሳብ ካወጣ በኋላ የሚፈትንበት መረጃ ፈለገ። የ3,000 እንግሊዛውያን ወንጀለኞችን ቁመትና የግራ መካከለኛ ጣት ርዝመት በካርድ ላይ ጽፎ፣ ካርዶቹን በውዞ፣ አራት አራት እያደረገ 750 ናሙና መደበ። ኮምፒውተር ሳይኖር በእጅ! ውጤቱ ከስሌቱ ጋር ገጠመ። ፋብሪካው ምስጢሩ እንዳይወጣ ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስላልፈቀደ፣ በ1908 የወጣው ጽሑፍ ደራሲው «ተማሪ» ይላል። ዛሬ በሕክምናም በግብርናም ምርምር አነስተኛ ናሙና ያለው ሁሉ የሚያሰላው ቲ-ቴስት የዚህ ጠማቂ ልጅ ነው።

መስመሩ በየመስኩ ያለውን አገልግሎት ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በ1860 የጋዝ ቅንጣቶችን ፍጥነት ገልጾበታል፤ መሐንዲሱ ሹዋርት በ1924 የፋብሪካን የምርት ጥራት የሚቆጣጠር ሠንጠረዥ ነድፎበታል። የማይሠራበት ቦታም አለ። ሀብትና ገቢ ደወል አይሠሩም፤ ጥቂቶች ብዙውን ይይዛሉና።

ኢትዮጵያ ውስጥ መስመሩ በብዛት የሚገባው በቁመት መለኪያ ሰሌዳ በኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በምቹ ሁኔታ ያደጉ 8,500 ያህል ሕፃናትን አስለክቶ በ2006 የዕድገት መመዘኛ አወጣ። የክብደት ስርጭት ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል በሒሳብ መታረም ነበረበት፤ ቁመት ግን ያለ ምንም ማረሚያ ደወሉን ተከተለ። ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመቱ 87.1 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ81 በታች ከሆነ ከመካከሉ ከሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የብትነት ስፋት መለኪያ) በላይ ወርዷል፤ መቀንጨር የሚባለውም ይህ ነው። በጤናማ ሕዝብም ቢሆን ከ100 ሕፃናት ሁለቱ ያህል ከዚያ በታች ይውላሉ፤ አጭር መሆን በራሱ በሽታ አይደለም። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ግን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶው፣ በ2008 ዓ.ም. 38 በመቶው ከዚህ ወሰን በታች ተገኝተዋል። ይህን ያህል ሕፃን ጫፍ ላይ ሊሆን አይችልም፤ ጉብታው ራሱ ወደ ግራ ሸሽቷል ማለት ነው።

እዚህም ላይ የልኬት ስህተትና የሰው ልዩነት በአንድ ቁጥር ውስጥ ተቀላቅለው ይመጣሉ። የልደት ምዝገባ በሌለበት ቀበሌ የሕፃኑ ዕድሜ የሚታወቀው እናቱን በመጠየቅ ነው፦ ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? ከመኸሩ በፊት? የሁለት ወር ስህተት ብቻ አንዱን ልጅ ቀንጫራ፣ ሌላውን ጤናማ ያሰኛል። ሕፃኑ እያለቀሰ እግሩ በደንብ ካልተዘረጋም ሴንቲ ሜትሮች ይጠፋሉ። እንዲህ ያለ ስህተት ሲበዛ ደወሉ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከወሰኑ በታች የሚወድቀው ሕፃን ከእውነቱ በላይ ይበዛል። ስለዚህ የዳሰሳን መረጃ የሚመረምሩ ባለሙያዎች መቶኛውን ከመቀበላቸው በፊት የብትነቱን ስፋት ያያሉ። በቅጡ ከተለካ፣ በመመዘኛው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲቆጠር፣ ስፋቱ ወደ 1 ይጠጋል፤ በጣም ካለፈ መጀመሪያ የሚጠየቁት ለኪዎቹ ናቸው።