ጎማ፣ ቸርኬና የትንሽ መኪና ምቾት በጁባ

የትንሽ መኪና መንገጫገጭ የሚባለው የመንገዱ ጉድጓድና ጉብታ ሳይለዝብ በመሪው፣ በወለሉና በወንበሩ በኩል እስከ ተሳፋሪው ወገብ ሲደርስ ነው። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከተማዋ ውስጥ ከሚሽከረከሩት የቤት መኪናዎች ጥቂት የማይባሉት በኡጋንዳ በኩል የገቡ ያገለገሉ የጃፓን መኪናዎች ናቸው፤ መሪያቸው በቀኝ በኩል ሆኖ በቀኝ በሚነዳበት አገር ይሠራሉ፤ ከእነዚህ መካከል ቶዮታ ቪትዝን የመሰሉ ቀላልና አጫጭር መኪናዎች አሉ። አስፋልቱ ደግሞ ከዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ወደ ሰፈር ሲታጠፉ ያልቃል። በጉደሌ፣ በሙኑኪ ወይም ከነጭ አባይ ማዶ ባለው ጉምቦ የውስጥ መንገዶች ላይ በበጋ የተቦረቦረ ቀይ አፈር፣ በክረምት ጭቃና ውኃ የሞላው ጉድጓድ ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ከተማ የትንሽ መኪናን አካሄድ ለማለስለስ ትልቅና የሚያብረቀርቅ ቸርኬ መግዛት ወደ ኋላ መሄድ ነው። መፍትሔው በተቃራኒው አነስ ባለ ቸርኬ ላይ ከፍ ያለ ጎን ያለው ጎማ መግጠም፣ ንፋሱንም በልኩ መያዝ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጎማ ምን እንደሚሠራ ማየት ይበጃል። በመኪናና በመንገድ መካከል ያለው የመጀመሪያው ሞላ ጎማው ራሱ ነው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 በአየር ለተሞላ ጎማ ፓተንት ቢያወጣም ሀሳቡ ብዙ አልተስፋፋም ነበር። ሥራ ላይ የዋለው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ውስጥ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት የሠራውን ጎማ በ1888 ካስመዘገበ በኋላ ነው፤ መነሻውም ልጁ በሻካራ መንገድ ላይ መንገጫገጩ ነበር። ሚሽለን በ1946 ያስመዘገበው ራዲያል ጎማ ሌላ እርምጃ ጨመረ። ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው ስለሚሄዱ፣ መሬት የሚረግጠው ክፍል በቀበቶ ጠንክሮ ጎኑ ግን ለብቻው መተጣጠፍ ቻለ። እንግዲህ የዛሬ ጎማ ለስላሳነቱን የሚያገኘው ከሁለት ነገር ነው፤ ከታመቀው አየርና ከሚተጣጠፈው ጎን። ጎኑ ሲያጥር የአየሩም መጠን፣ የመተጣጠፊያው ቦታም አብረው ይቀንሳሉ። ጎማ ከመኪናው ሞላ በብዙ እጥፍ ስለሚገትር ሰፊውንና ቀስ ያለውን ዝቅታ የሚውጠው ሞላው ነው። ሹል የሆነውን፣ የድንጋይ ጫፍና የጉድጓድ ከንፈር የሚሰጠውን ምት ግን ሞላው ገና ሳይንቀሳቀስ ጎማው ይቀበለዋል። የጁባ የውስጥ መንገዶች የሚያበዙት ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ነው።

ትንሽ መኪና በዚህ ረገድ ከትልቅ መኪና ይልቅ ትጎዳለች። የሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት 2,460 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ2000 የወጣው ኮሮላ ግን 2,600 ይደርሳል። ርቀቱ ባጠረ ቁጥር የፊት ጎማ ከጉድጓድ እንደወጣ የኋላው ስለሚገባ መኪናዋ ከፊት ወደ ኋላ ትወዛወዛለች። ከዚያም በላይ ባዶ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ስለሆነ ከሞላው በታች ያለው ክብደት፣ ማለትም ጎማው፣ ቸርኬውና ፍሬኑ፣ ከአካሏ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ከባድ ጎማ በጉብታ ተመትቶ ወደ ላይ ሲነሳ ቀላሉን አካል አብሮ ይጎትተዋል። ይህ ይበልጥ የሚታየው በጥርጊያ መንገድ ላይ በተደረደሩት ትናንሽ ሞገዶች ነው። በ2007 በፊዚካል ሪቪው ሌተርስ የታተመው የታበርሌት፣ የሞሪስና የማክኤልዌይን ጥናት እንዳሳየው እነዚህ ሞገዶች የመንገድ ሠራተኛ ስንፍና ውጤት አይደሉም። ማንኛውም የሚሽከረከር ነገር ከተወሰነ ፍጥነት በላይ በልቅ አፈር ላይ ሲመላለስ ይፈጥራቸዋል፤ ሞላ ያለው መሆን እንኳ አያስፈልገውም። በሁለት ሞገዶች መካከል 70 ሳንቲ ሜትር ቢኖርና መኪናዋ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ጎማው በሰከንድ 12 ጊዜ ገደማ ይመታል። የትንሽ መኪና ጎማ በራሱ የሚዘልበት ድግግሞሽም በአብዛኛው በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች በመንገዱ ላይ ትንሳፈፋለች። የጁባ የሰፈር መንገድ የሚፈቅደው ፍጥነት ደግሞ ልክ በዚህ አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ልኮቹ እንምጣ። በጎማ ጎን ላይ የሚጻፈው 165/70 አር 14 ማለት ስፋቱ 165 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 14 ኢንች ማለት ነው። ሲሰላ የጎኑ ከፍታ 115.5 ሚሊ ሜትር፣ የጎማው ሙሉ ቁመት 587 ገደማ ይሆናል። አንድ ባለቤት ለመልኩ ሲል 195/45 አር 16 ቢገጥም ቁመቱ 582 ሆኖ ከመጀመሪያው እምብዛም አይለይም፤ ስለዚህ መኪናዋ ከውጭ ስትታይ ያልተነካች ትመስላለች። የጎኑ ከፍታ ግን ወደ 88 ሚሊ ሜትር ወርዷል፤ ከትራሱ ላይ ወደ 28 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሩብ ያህል ተቆርጧል። በአንጻሩ ፋብሪካው 175/65 አር 14 የሰጣት መኪና ወደ 175/70 አር 14 ብትዛወር ጎኑ ከ114 ወደ 122.5 ያድጋል፤ የመኪናዋ ሆድም ከመሬት ወደ 9 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። የቁመቱ ጭማሪ 3 በመቶ ገደማ ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪው የሚያሳየው ስህተት ትንሽ ነው፤ ከዚህ በላይ መሄድ ግን መሪው ሲዞር ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር እንዲፋተግ ያደርጋል። በ15 ወይም በ16 ኢንች ቸርኬ የገባች ቪትዝ ካለች፣ በዚያው ሞዴል ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ፋብሪካው የገጠመውን 14 ኢንች መፈለግ ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ነው። ቸርኬው አነስ ስላለ ክብደቱ በአብዛኛው ይቀንሳል፤ ጎማውም ርካሽ ይሆናል።

ሰፊና አጭር ጎን ያለው ጎማ መንገድ ይይዛል፣ መሪውም ፈጣን ይሆናል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። በደረቅ አስፋልት ላይ በፍጥነት ለሚታጠፍ መኪና አጭር ጎን ያነሰ ስለሚጣመም መሪው የታዘዘውን ወዲያው ይፈጽማል። ይህ ጥቅም ግን የሚገኘው በከፍተኛ ፍጥነት ነው። ለጁባ መኪና እንዲህ ያለ መንገድ ቢኖር በአሜሪካ እርዳታ ተሠርቶ በ2012 የተጠናቀቀው 192 ኪሎ ሜትሩ የጁባ–ኒሙሌ አስፋልት ነው። በዚያ ላይ የሚመላለስ ሰው ከፍ ያለ ጎን ሲገጥም መሪው ትንሽ እንደሚላላ ማወቅ አለበት። ይሁንና 165/70 አር 14 ፋብሪካው ራሱ ለመኪናዋ የመረጠው ልክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የ“ኤስ” ምልክትም በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር የተፈቀደ መሆኑን ያሳያል። ሕይወቷን በሰፈር መንገድ የምታሳልፍ መኪና ለማትነዳበት ፍጥነት ብላ በየቀኑ ወገብ የምታሳምምበት ምክንያት የለም።

ከልክ ለውጥ በፊት ግን ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ እርማት አለ፤ እሱም ንፋሱ ነው። የጎማ ግትርነት ከንፋሱ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። በአሽከርካሪው በር ቋሚ ላይ ያለው ምልክት 33 ፒኤስአይ እያለ ጎሚስታው “ጭነት ይችላል” ብሎ 40 ሞልቶ ከሆነ፣ ወደ 33 መመለስ ብቻ የጎማውን ግትርነት በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ከዚህ ተነስቶ “እንግዲያስ 25 ብናደርገውስ?” የሚለው ሀሳብ ግን አደገኛ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ከመጠን በላይ ስለሚታጠፍ ይግላል፣ በፈጣን መንገድ ላይም ሊፈነዳ ይችላል፤ በጉድጓድ ጠርዝ ላይ ደግሞ ቸርኬው ጎማውን ቆንጥጦ ይቆርጠዋል። ጁባ ይህን ስህተት የማታሳልፍ ከተማ ናት። በመጋቢት 2024 መንግሥት ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ በመተንበዩ በአገሪቱ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር። የሙቀቱ ሌላ ወጥመድ በመለኪያው ላይ ነው። ጠዋት በ25 ዲግሪ 33 ፒኤስአይ የነበረ ጎማ ከሰዓት በ40 ዲግሪ ሳይነዳ እንኳ ከ35 በላይ ያሳያል። ይህን አይቶ ንፋስ የሚያስወጣ ሰው በማግስቱ ጠዋት በጎደለ ጎማ ይነሳል። መለካት ያለበት መኪናዋ አድራ ሳትነዳ በፊት ነው።

ሁለተኛው ብርቱ ተቃውሞ ከሹፌሮች ይመጣል፦ በድንጋይና በእሾህ መንገድ ላይ ለስላሳ ጎማ አይበረክትም፤ ስለዚህ “ሲ” የተጻፈበት፣ ስምንት ክር የሚባለው የጭነት ጎማ ይሻላል። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ የእነዚህ ጎማዎች ጎን ወፍራም ስለሆነ በስለት በቀላሉ አይቀደድም። ግን የተሠሩት ለሌላ ሸክም ነው። 94 የሚል የጭነት መለያ ያለው ጎማ 670 ኪሎ ይሸከማል፤ የቪትዝ የተለመደው 81 ደግሞ 462። ባዶዋ ቪትዝ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ የምታሳርፈው በአማካይ 250 ኪሎ ገደማ ስለሆነ 81ም ተርፎ ይበቃል፤ 94ቱ ግን ሸክሙ ስለማይጫነው እንደ እንጨት ሆኖ ይቀራል። እንደ ፕሮቦክስ ላለ ዕቃ የሚያመላልስ መኪና ቢገጠም ተገቢ ነው። ሰው ብቻ ለምትጭን መኪና ግን ከመበሳት የሚጠብቃት መሬት የሚረግጠው ክፍል ውፍረት እንጂ የጎኑ ግትርነት አይደለም። በዚያ ላይ ጎማው የማይውጠውን ምት ሾክ አብዞርበሩና የመሪ ዘንጉ መገጣጠሚያዎች ይቀበሉታል፤ በጎማ የዳነው ገንዘብ በጋራዥ ይወጣል።

ያገለገለ ጎማ ለሚገዛ ሰው ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከጃፓን በሚመጡ መኪናዎች ላይ አንዳንድ ጊዜ የበረዶ ጎማ ተገጥሞ ይመጣል፤ የብሪጅስቶን ብሊዛክ አንዱ የታወቀ ስም ነው። ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ምቹ ይመስላል። ነገር ግን የተቀመመው በቅዝቃዜ እንዳይደርቅ ነው፤ በሞቃት አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ሲያዝም መኪናዋን ያንሸራትታል። የምንፈልገው ለስላሳነት የጎኑ መተጣጠፍ ነው፤ የላስቲኩ መላላት ሌላ ጉዳይ ነው። ሌላው ዕድሜ ነው። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2316 ቢል በ2016 ዓመት 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ዓመታት በፀሐይ የተቀመጠ ጎማ ላስቲኩ ደርቆ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል። ሲነዱት ያንገጫግጫል፣ የመፈንዳት አደጋውም ከፍ ያለ ነው።

ቸርኬ ሲቀየር ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ሥራውን ሁሉ ሊያበላሹት ይችላሉ። ቪትዝ አራት ቡሎን አላት፤ የሚደረደሩትም በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው። የመሀሉ ቀዳዳ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ከሌላ መኪና የመጣ ቸርኬ ቡሎኑ ገጥሞ የመሀል ቀዳዳው ግን ሰፍቶ ከተገኘ መሀል ላይ በትክክል ስለማይቀመጥ በፍጥነት መሪውን ያንቀጠቅጣል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በጎማው ላይ ያሳብባል። ለዚህ መሀሉን የሚሞላ ቀለበት ማስገባት ይቻላል። ወደ 13 ኢንች መውረድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቸርኬው የፊት ፍሬኑን መንካት አለመንካቱን ጎማው ሳይገጠም በእጅ አዙሮ ማየት አለበት። አሉሚኒየም ወይስ ብረት ለሚለው፣ አሉሚኒየም ቀላል ነው የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ለመልክ የተሠሩ ብዙዎቹ ከብረቱ እኩል ይመዝናሉ። ጉድጓድ ሲመታው ብረቱ ይጎብጣል፣ ጎሚስታውም በመዶሻ ይመልሰዋል። አሉሚኒየሙ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ተበይዶ የመጣ ቸርኬ ላይ ደግሞ እምነት መጣል አይገባም።

መካኒኮች የሚያነሱት የመጨረሻው ተቃውሞ ጥፋቱ የሾክ አብዞርበሩ ነው የሚል ነው። በአሮጌ መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ልክ ናቸው። ሾክ አብዞርበሩ ዘይቱን ካፈሰሰ ከፍ ያለ ጎን ያለው ጎማ እንዲያውም መዝለሉን ሊያባብሰው ይችላል፤ ጎማው የሚያከማቸውን ኃይል የሚያጠፋለት የለምና። የፊት መከለያውን በእጅ ጫን ብሎ መልቀቅ ቀላል ምርመራ ነው፤ መኪናዋ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተወዛወዘች ጎማ ከመግዛት በፊት እሱ ይቀየር። ደህና ሾክ ባላት መኪና ላይ ግን የጎማው ድርሻ ጎልቶ ይወጣል፤ አዲስ ሾክ አስገብታ በ45 ጎን የምትሄድ መኪና የድንጋዩን ምት አሁንም እንዳለ ታስተላልፋለችና። የአካሏ ማጠር የሚያመጣውን ውዝዋዜ ግን የትኛውም ጎማ አያጠፋውም።

ልኩ ሲቀየር ስፔር ጎማውም መታሰብ አለበት። አራቱ ጎማዎች 175/70 ሆነው ሻንጣ ውስጥ ያለው አሮጌው 175/65 ከቀረ ቁመቱ በ17.5 ሚሊ ሜትር ያንሳል። በፊት ጎማ በምትነዳ መኪና ላይ ይህ ስፔር ፊት ከተገጠመ ዲፈረንሻሉ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር ያለማቋረጥ ይሠራል። ስለዚህ የፊቱ ጎማ ሲበሳ ከኋላ አንዱን ደህና ጎማ ወደ ፊት አምጥቶ ስፔሩን ከኋላ ማሰርና በዝግታ እስከ ጎሚስታው መድረስ ይሻላል።