የቦስተን ግድያ፦ ሥዕሉና የምስክሮቹ ቃል

የአሜሪካ አብዮት በታሪክ ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ ከጽሑፉ ጎን አንድ የታወቀ ሥዕል አብሮ ይቀርባል። ቀይ ኮት የለበሱ የእንግሊዝ ወታደሮች በአንድ መስመር ተሰልፈው ጠመንጃቸውን ሲተኩሱ፣ አንድ መኰንን ከኋላቸው ሆኖ ሰይፉን ወደ ላይ አንሥቶ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ባዶ እጃቸውን የቆሙ የከተማ ሰዎችም ደማቸው እየፈሰሰ ሲወድቁ ይታያል። ተማሪው የቀረጡን ዝርዝርና የሕጎቹን ስም ቢረሳ እንኳ ይህን ሥዕል አይረሳም። ይሁን እንጂ ድርጊቱ በተፈጸመበት በዚያው በ1770 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የቦስተን ፍርድ ቤት የምስክሮችን ቃል ሰምቶ የሰጠው ፍርድ፣ ሥዕሉ ከሚናገረው ጋር አይስማማም። የታሪክ መምህር ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ፣ ስለ አሜሪካ ብቻ ሳይሆን የታሪክ ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘንም ለማስተማር አመቺ ርእስ ያገኛል።

የጠቡ መነሻ በሰፊው የታወቀ ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። እንግሊዝ በ1763 ከተፈጸመው የሰባት ዓመት ጦርነት ከባድ ዕዳ ተሸክማ በመውጣቷ፣ የወጪውን ከፊል ከአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ለመሰብሰብ ዐሰበች። በ1765 የታወጀው የቴምብር ቀረጥ ብርቱ ተቃውሞ ስለ ገጠመው በ1766 ተሻረ። በ1767 ግን በመስተዋት፣ በእርሳስ፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ አዲስ ቀረጥ ተጣለ፤ የጉምሩክ ኮሚሽነሮችም መቀመጫቸውን በቦስተን አደረጉ። ነዋሪዎቹ በለንደን ፓርላማ እንደራሴ የሌለን ሰዎች ቀረጥ ልንከፍል አይገባም ሲሉ፣ በ1768 ደግሞ የአንድ ታዋቂ ነጋዴ መርከብ በጉምሩክ ሰዎች በመያዙ ሁከት ተነሣ። ከዚህም የተነሣ መንግሥት ጦር ላከ፤ ወታደሮቹም ኦክቶበር 1 ቀን 1768 ነዋሪዎቿ ወደ 16000 ወደሚጠጉባት ከተማ ገቡ።

በትምህርት አሰጣጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ተኩል ነው። የቀረጡ ክርክር የነጋዴዎችና የሕግ ዐዋቂዎች ነበር፤ የወታደሩ መኖር ግን የሠራተኛውን እንጀራ ነካ። የተራ ወታደር ደመወዝ እጅግ አነስተኛ ስለ ነበር፣ ወታደሩ ከጥበቃ ውጭ ባለው ጊዜ ከከተማው ሠራተኛ ባነሰ ዋጋ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ማርች 2 ቀን 1770 አንድ ወታደር ወደ ገመድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ሥራ እንዳለ ሲጠይቅ፣ አንዱ ሠራተኛ ሽንት ቤቴን ጥረግልኝ በማለት ሰደበው፤ በዚህም ምክንያት በወታደሮችና በገመድ ሠራተኞች መካከል በዱላ ከባድ ድብድብ ሆነ። ከዚያ አስቀድሞ ፌብሩዋሪ 22 ቀን፣ ለጉምሩክ የሚሠራ ሰው ቤቱን በድንጋይ በሚደበድቡ ሰዎች ላይ ተኩሶ፣ ዕድሜው ዐሥራ አንድ ዓመት የሚሆነውን ክሪስቶፈር ሳይደርን ገድሎ ነበር። የልጁን ቀብር እጅግ ብዙ ሕዝብ አጅቦታል። ማርች 5 የተተኰሰው ጥይት እንግዲህ ከሰማይ የወረደ አልነበረም።

በዚያች ሌሊት ምድሩ በበረዶ ተሸፍኖ ነበር። በጉምሩክ ቤት በር ላይ ብቻውን የቆመው ዘብ፣ ሂው ኋይት፣ አንድን መኰንን ዕዳውን አልከፈለም ብሎ በአደባባይ የሰደበውን የዊግ ሠሪ ደቀ መዝሙር በጠመንጃው ራሱን መታው። ልጁ ሲጮኽ ሰው ተሰበሰበ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ ደወል እሳት እንደ ተነሣ ሁሉ ስለ ተደወለ፣ አንዳንዱ የውኃ ባልዲ ይዞ መጣ። ሻምበል ቶማስ ፕሬስተን ከአንድ ዐሥር አለቃና ከስድስት ወታደሮች ጋር ዘቡን ለማስጣል ደረሰ። ሕዝቡ በረዶና ዱላ እየወረወረ፣ ከደፈራችሁ ተኩሱ እያለ ወታደሮቹን ይገፋ ጀመር። አንድ ወታደር በተወረወረ ነገር ተመትቶ ወደቀ፤ ሲነሣም ተኰሰ። ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ሌሎቹ ተከተሉት። ሦስት ሰዎች ወዲያው ሞቱ፤ ሳሙኤል ማቬሪክ የተባለው ወጣት በማግስቱ፣ ፓትሪክ ካር የተባለው አየርላንዳዊ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዐረፉ።

ቀጥሎ የሆነውን በትክክል ለመረዳት አንድ የቋንቋ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በእንግሊዝኛ «ተኩስ» የሚለው ትእዛዝና «እሳት ተነሣ» የሚለው የድረሱ ጩኸት አንድ ቃል ነው። ደወሉ የእሳት ደወል ነበር፤ ሕዝቡም ወታደሮቹን ሲደፍር ያንኑ ቃል ይጮኽ ነበር። ስለዚህ ትእዛዙን ማን ሰጠ የሚለው ጥያቄ ለሰሚው ጆሮ ቀላል አልነበረም።

ሥዕሉን የቀረጸው የብር አንጥረኛው ፖል ሪቪር ሲሆን፣ ገና በማርች ወር ማብቂያ ለሽያጭ አቀረበው። ንድፉም የሌላ ሠዓሊ፣ የሄንሪ ፔልሃም፣ ስለ ነበረ ባለቤቱ ሥራዬን ወሰደብኝ ብሎ በደብዳቤ ወቅሶታል። በሥዕሉ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ በረዶ የለም፤ በሕዝቡ እጅ ዱላ አይታይም፤ በጉምሩክ ቤቱ ላይም የሥጋ ቆራጮች ቤት የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ተለጥፏል። በአንጻሩ የከተማው መሪዎች ዘጠና ስድስት የምስክር ቃሎችን አሳትመው ወደ ለንደን ሲልኩ፣ የፈራጆችን ሐሳብ እንዳያዛባ በማለት በቦስተን እንዳይሰራጭ ማድረጋቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ሻምበሉና ወታደሮቹ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለየብቻ ለፍርድ ቀረቡ። ጠበቃ ሆኖ የቆመላቸው የቅኝ ገዢው ደጋፊ ሳይሆን፣ በኋላ የአሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ነበር። የፕሬስተን ጉዳይ በአንድ ነጥብ ላይ ተንጠለጠለ፦ እንዲተኰስ አዝዟል ወይስ አላዘዘም? ምስክሮቹ ስላልተስማሙ ነጻ ወጣ። ከስምንቱ ወታደሮች ስድስቱ በነጻ ተለቀቁ፤ ሁለቱ አስቀድሞ ሳይታሰብ ሰው በመግደል ጥፋተኞች ተብለው አውራ ጣታቸው በጋለ ብረት ምልክት ተደረገበት። ካር ከመሞቱ በፊት ለሐኪሙ፣ ወታደሮቹ ራሳቸውን ለመከላከል ሲሉ እንደ ተኰሱ መናገሩ ለተከሳሾቹ ብዙ ረድቷል።

ነገር ግን የፍርድ ቤቱ ቃልም ንጹሕ መስተዋት አይደለም። አዳምስ ደንበኞቹን ለማዳን፣ ለሁከቱ ተጠያቂዎቹ መርከበኞች፣ ጥቁሮችና አየርላንዳውያን እንጂ እውነተኞቹ የቦስተን ሰዎች አይደሉም የሚል መከራከሪያ አቀረበ፤ ከሁሉ ይልቅ ጥፋቱን የጫነው ከአፍሪካና ከአገሬው ሕንዶች እንደሚወለድ በሚነገረው መርከበኛ፣ በመጀመሪያ ከወደቁት አንዱ በሆነው በክሪስፐስ አተክስ ላይ ነው። የሞተው ሰው መልስ መስጠት አይችልም ነበር። ለእርሱ መታሰቢያ ሐውልት በከተማይቱ አደባባይ የቆመለት በ1888 ነው። አዳምስ ራሱ ከሦስት ዓመት በኋላ በማስታወሻው፣ ጥብቅናው ለአገሩ ካደረጋቸው ታላላቅ አገልግሎቶች አንዱ እንደ ነበር፣ ይሁንና ሕዝቡ ያችን ሌሊት የግድያ ሌሊት ብሎ መጥራቱ ስሕተት እንዳልሆነ ጽፏል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ውይይት ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ማግኘት ያስቸግራል፤ የአንድ ሰው ሁለት ቃሎች እንዴት ሊታረቁ ይችላሉ?

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ጥይቱ በቦስተን በተተኰሰበት በዚያው ቀን፣ በለንደን የመንግሥቱ መሪ ሎርድ ኖርዝ ከሻይ በስተቀር ቀረጡ ሁሉ እንዲሻር ለፓርላማ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ወሬው ውቅያኖስ ለመሻገር ሳምንታት ስለሚፈጅበት ሟቾቹ ይህን ሊሰሙ አልቻሉም።

ለክፍል የሚሆን አንድ ተጨማሪ ወረቀት በቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ይህ የስፍራው ንድፍ የራሱ የሪቪር ሥራ እንደሆነ ይነገራል። በዚህ ንድፍ ላይ ወታደሮቹ በቀጥታ መስመር አልተሰለፉም፤ ጉምሩክ ቤቱን ከኋላቸው አድርገው በግማሽ ክብ ቆመዋል፤ የወደቁትም ሰዎች በወደቁበት ስፍራ ተመልክተዋል።