ትከሻ የሚራገጥ ጠመንጃ

ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ በስሙና በጠባዩ ነው የሚታወቀው። ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር እየተባለ ሲወራ ያደረ ሰው ስንቱን ይሰማል! ከቡሬ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ግን ትልቅ ሥራ ሠርቶ ያለፈ፣ እንደነዚህ ስሙ ያልተለመደ ጠመንጃ አለ። ቦይስ ይባላል። እንግሊዞች በ1937 እ.ኤ.አ. ብረት ለበስ ለመብሳት የያዙት ነው።

የካቲት 1933 ዓ.ም. ኮሎኔል ናታሌ ቡሬን ለቆ ብዙ ሺህ ጦሩን በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ማሸሽ ጀመረ። የካቲት 27 ማለዳ ደምበጫ አጠገብ ድንገት የገጠመው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነበር፤ በስደት አገር የሰለጠኑ፣ ሦስት መቶ ገደማ ሰዎች። ሁለት ብረት ለበስ መኪኖች በቦይስ ተመትተው ቆሙ። ሻለቃው ብዙ ሰው አጣ፤ ጣሊያንም በብዛቱ ጥሶ አለፈ።

እኔን የሚገርመኝ ተኳሹ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንየው። የውጅግራ ጥይት 25 ግራም ገደማ ሆኖ በሰኮንድ 450 ሜትር ይወነጨፋል። የቦይስ 60 ግራም ገደማ ነው፤ 750 ሜትር ይሄዳል። ግፊቱ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ታዲያ ቦይስም 16 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ወደ ኋላ የሚመለስበት ፍጥነት ከአራት ኪሎው ውጅግራ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ በዚያው ፍጥነት ትከሻ ላይ የሚያርፈው ብረት አራት እጥፍ መሆኑ ነው!

ለዚህ ነው ማብረጃ የተሠራለት። ጥይቱ ሲተኮስ አፈሙዙ ከነአካሉ በማቀፊያው ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ሞላ ይቀበለዋል፤ ሰደፉም ትራስ አለው። ሞላው ግፊቱን አያጠፋውም፣ አይችልምም። በአንድ ቅጽበት የሚመጣውን ምት ወደ ረዘም ያለ ግፊት ይለውጠዋል እንጂ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ ጋዙን ወደ ጎን ይረጨዋል።

ሞላው ከላላ ወይም መንሸራተቻው አቧራ ከጠጣ ነገሩ ይገለበጣል። ከላላ፣ ብረቱ እስከ ዳር ሄዶ «ቋ!» ብሎ ይጋጫል፤ ከተጣበቀ ደግሞ ምቱ እንዳለ ትከሻ ላይ ይወርዳል። ሰደፉን አላልቶ የያዘማ አበቃለት፤ ጠመንጃው መንደርደሪያ አገኘ ማለት ነው። መድኃኒቱ ማጽዳት፣ ዘይት መቀባት፣ ሞላውን መፈተሽና ጥብቅ አድርጎ መያዝ ነው። በጎጃም አቧራ፣ በግመል ተጭኖ ከሱዳን ለመጣ መሣሪያ ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም።

ዊንጌት አዲስ አበባ ላይ በስሙ ትምህርት ቤት አለው። የሻለቃው አዛዥ ቦይልም በመጻሕፍት ተጽፏል። ያንን ምት በትከሻው ተቀብሎ፣ ደግሞ አልሞ ሁለተኛውን መኪና የመታውን ሰው ግን በስሙ የሚጠራ ሽማግሌ ደምበጫ ላይ እስካሁን አልገጠመኝም።