ፈተና ያለፈውን ልጅ ደግሞ ለምን ያነጋግሩታል?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለኮሌጅ የሚያመለክቱ የሐበሻ ልጆችን ለኢንተርቪው አለማምዳለሁ። ከወላጆች የማይቀርልኝ ጥያቄ አለ፦ «ውጤቷ እንደሆነ ጥሩ ነው፤ ደግሞ ምን ቀርቷቸው ነው የሚያነጋግሯት?» አልፈርድባቸውም። እኛ የማትሪክ ልጆች ነን። ነጥብ የመጣለት ገባ፣ ያልመጣለት ቀረ፤ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ያለን ሰው አልነበረም።

የአሜሪካ ስመ ጥር ኮሌጆችም ድሮ በዋናነት የሚቀበሉት በፈተና ነበር። የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1900 ተቋቁሞ በዓመቱ መፈተን ጀመረ። ፈተናውን ያለፈና የሚከፍለው ያለው ሰው ብዙም ሳይንገላታ ይገባ ነበር። ታዲያ ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ አይሁዶች ልጆች፣ አባቶቻቸው ልብስ ሰፊና ቸርቻሪ የሆኑ ሁሉ፣ ፈተናውን እያለፉ ገቡ። በ1922 ከሃርቫርድ አዲስ ተማሪዎች ከአምስቱ አንዱ አይሁዳዊ ነበር።

ይህ ያስጨነቃቸው የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ሎውረንስ ሎውል የአይሁዶች ቁጥር ከ15 በመቶ እንዳያልፍ ሐሳብ አቀረቡ። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ የመምህራን ኮሚቴም ኮታውን አልተቀበለም። በግላጭ ያልሆነላቸው በጎን ሆነላቸው። በዚያው በ1922 የማመልከቻው ቅጽ የአመልካቹን ዘርና ሃይማኖት፣ የእናቱን የቀድሞ ስም፣ የአባቱን የትውልድ ቦታ መጠየቅ ጀመረ፤ የአመልካቹ ወይም የአባቱ ስም ተለውጦ እንደሆነም እንዲብራራ አዘዘ። በ1926 ደግሞ «ጠባይ» የሚባል መመዘኛ ከፍተኛ ክብደት ተሰጠው፤ ፎቶግራፍ ተጠየቀ፤ ቃለ መጠይቅም የማጣሪያው አካል ሆነ። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ ቀድሞ ሄዶበታል። ጠባይን በቁጥር መለካት ስለማይቻል፣ የተከለከለው ልጅ «ለምን?» ብሎ የሚሟገትበት ነጥብ አልነበረውም። ዬል እስከ 1960ዎቹ ድረስ የአመልካቾችን ቁመናና መልክ ሳይቀር ይመዘግብ ነበር።

ክርክሩ ዛሬም አልሞተም። በ2014 በሃርቫርድ ላይ በተመሠረተው ክስ፣ የእስያ ዝርያ ያላቸው አመልካቾች ከቅበላ ሠራተኞች የሚያገኙት የሰብዕና ነጥብ ከነጮቹ ዝቅ ያለ መሆኑ ዋና መከራከሪያ ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ሆን ተብሎ የተፈጸመ አድልዎ አላገኘም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2023 ዘርን በቅበላ መመዘኛነት መጠቀምን ከለከለ።

ይህን ታሪክ ለልጆቹ የምነግራቸው ላስፈራራቸው ብዬ አይደለም። አንድ ልጅ «ለእነሱ እንዲቀል ስሜን ላሳጥረው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የ1922ቱን ቅጽ አንስቼ እነግረዋለሁ። ስምህን ሙሉውን፣ ቀስ ብለህ፣ አንድ ጊዜ ንገራቸው እለዋለሁ። የዛሬው ጠያቂ አብዛኛውን ጊዜ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ የኮሌጁ የቀድሞ ተማሪ ነው፤ ካፌ ውስጥ ወይም በቪዲዮ ያነጋግራል፣ አጭር ሪፖርት ይጽፋል፣ ውሳኔው ግን የእሱ አይደለም።

የእኛ ልጆች ችግር ሌላ ነው። ራስን ማወደስ ነውር ነው፣ ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብሎ ማየት ድፍረት ነው ተብለው አድገዋል። አንዷ ልጅ «ስለ ራስሽ ንገሪኝ» ስትባል «ጎበዝ ተማሪ ነኝ» ትልና ዝም ትላለች። እኔም፦ «ራስሽን አታመስግኚ፤ የሠራሽውን ተናገሪ» እላታለሁ። አያቷን ሆስፒታል ወስዳ የምታስተረጉም ልጅ ዶክተሩ ምን እንዳለ፣ እሷ የትኛውን ቃል ማስረዳት እንደከበዳት፣ አያቷ ምን ብለው እንደመለሱ ትተርክ። ቅዳሜ በእናቱ እንጀራ ቤት ሒሳብ የሚይዝ ልጅ፣ ገንዘቡ ጎድሎ ሲገኝ እንዴት እንደደረሰበት ይናገር። ይህን የተናገረ ልጅ ሳይኩራራ ራሱን አሳወቀ ማለት ነው። ከዚያ ውጭ ያንን ኮሌጅ ለምን እንደመረጠ ማወቅና ለጠያቂው የሚያቀርበው አንድ እውነተኛ ጥያቄ መያዝ ይበቃዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን መልስ አታስሸምድዷቸው። ማታ ገበታ ላይ ውሏቸውን ጠይቋቸው፤ በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ፣ ሳታቋርጡ እስኪጨርሱ አድምጧቸው። ከእኔ ልምምድ ይልቅ የሚጠቅማቸው እሱ ነው።