ክስና ምሕረት በሁለት የማራቶን ጀግኖች ታሪክ

አንድ ስመ ጥር አትሌት ከሩጫው ሜዳ ውጭ በጥፋት ሲከሰስ ወደ ክብሩ ይመለስ ወይስ አይመለስ የሚለው ክርክር በውጭ አገር ጋዜጦች ዘወትር ይነሣል። ለእኛም አገር ግን ጥያቄው እንግዳ አይደለም። የሁለት ክብር ዘበኞች ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ። ሦስት ወር ከጥቂት ቀን እንደ ቆየ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የጦሩ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ላይ ተነሡ። ሙከራው ሲከሽፍ ጥርጣሬው በክብር ዘበኛው ሁሉ ላይ ወደቀ፤ አበበም ተይዞ ተጠየቀ። ጄኔራሉ በመጋቢት ሲሰቀሉ፣ እርሱ ግን በአመፁ ያልተካፈለ በመሆኑ አስቀድሞ ተለቆ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ዳግመኛ አሸነፈ፤ ትርፍ አንጀቱን ካስወጣ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ይህን ምሕረት የሚሉ አሉ። በበኩሌ አልቀበለውም፤ ያላጠፋ ሰው ከምን ይማራል?

የማሞ ወልዴ ነገር ይከብዳል። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ማራቶንን አሸነፈ፤ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ፣ በ40 ዓመቱ፣ ሦስተኛ ወጣ። በደርግ ዘመን የቀበሌ ሹም ሆነ። መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ በአንድ ወጣት ግድያ ተካፍለሃል ተብሎ ታሰረ። እርሱም በትእዛዝ ተገድዶ እንደ ሄደና የተኰሰውም አስቀድሞ በሞተ ሰው ላይ እንደ ነበር ተናገረ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴና እነ ኪፕ ኬይኖ ስለ እርሱ አቤት አሉ። ፍርዱ ግን አልደረሰም። በ1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶንን ስታሸንፍ ማሞ በወህኒ ነበር።

አቤቱታው የሜዳልያውን ክብር ለነጻነቱ ምክንያት ባያደርግ በወደድሁ። በዶዮገና በግ የጠፋበት ሰው ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ፣ ተከሳሹ በቅድሚያ እውነቱን እንዲናገር ይጠየቃል፤ ዕርቁ ከዚያ ይከተላል፤ ጎበዝ ገበሬ ነውና ይታለፍ የሚል አይሰማም። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ዘጠኝ ዓመት አይቀመጡም! ሜዳልያው የሟቹን ደም አያጥብም፤ የፍርድ መዘግየትም ለሟቹ ቤተሰብ ካሣ አይሆንም፤ እነርሱም ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቀዋል።

በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ማሞን ጥፋተኛ ብሎ የ6 ዓመት እስራት ፈረደበት። ከዚያ የበለጠ ታስሮ ስለ ነበር ወዲያው ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት 18 ቀን ዐረፈ።